ባጃጇን የሚያቆማት ማነው? ፍሬኑ ወይስ አስፋልቱ?

ጥያቄው የመጣው ከጅማ ነው። ጠያቂው ባጃጅ ይነዳል። ትንሽ አሳጥሬ ላቅርበው።

«መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ባለፈው ሳምንት ከጅሬን ወደ ታች ስወርድ ሦስት ሰውና አንድ ማዳበሪያ ጀንፈል (ያልተፈለፈለ ደረቅ ቡና) ጭኜ ነበር። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው። ላም መንገድ ገባችብኝና ፍሬን ያዝኩ። ባጃጇ ግን አልቆም አለች። ቦዩ አፍ ላይ ደርሳ ነው የቆመችው። ማታ ከጓደኞቼ ጋር ክርክር ተነሳ። አንዱ ‹ከባድ ነገር ቁልቁለት ላይ ይፈጥናል፤ ጭነቱ ነው የገፋህ› አለኝ። ሌላው ‹ጭነት እኮ ጎማውን መሬት ላይ ይጫነዋል፤ እንዲያውም ቶሎ መቆም ነበረብህ፤ ጥፋቱ የዝናቡ ነው› አለ። የተሸነፈው ክትፎ ሊጋብዝ ተወራርደዋል። ማን ነው ልክ? ደግሞስ ኩርባ ላይ ተሳፋሪው ወደ ውጭ የሚወረወረው ለምንድነው?»

እንኳን ተረፍክ፣ ወንድሜ። ላሟም እንኳን ተረፈች። ላም ገጭቶ ከባለቤቱ ጋር መደራደር ከፊዚክስ ይከብዳል።

ክትፎው ላይ ለመፍረድ ግን አንድ ነገር አልነገርከኝም። ፍሬኑን ስትረግጥ ጎማዎቹ መዞር አቁመው ባጃጇ ተንሸራተተች? ወይስ ጎማዎቹ እየዞሩ ነው የሄድከው? ከውጭ ለሚያይ ሰው ሁለቱም ያው «አልቆም አለች» ነው። ምክንያታቸው ግን ለየቅል ነው። ተቆልፈው ከሆነ ሁለተኛው ጓደኛህ ያሸንፋል። እየዞሩ ከሆነ የመጀመሪያው ያሸንፋል፤ እሱ ባለው ምክንያት ግን አይደለም።

ከሥሩ እንነሳ። ብዙዎቻችን የምናስበው እንዲህ ነው፦ ነገር የሚሄደው የሚገፋው ሲኖር ነው፤ የሚገፋው ሲጠፋ በራሱ ይቆማል። አርስቶትልም እንዲሁ ነበር የሚያስበው። ሐሳቡ ወደ 2,000 ዓመት ገደማ ኖሯል። አይፈረድበትም፣ በዓይን የሚታየው እሱ ነው። ግን የፑል ኳስን አስብ። ጨርቁ ላይ ስትመታው ዱላው ከለቀቀው በኋላም ይሄዳል። ያንኑ ኳስ አሸዋ ላይ ብትመታው ሁለት ክንድ ሳይሄድ ይቆማል። ኳሱ ያው፣ ምቱም ያው። ያስቆመው አሸዋው ነው። የሚሄድ ነገር የሚይዘው ካላገኘ በዚያው ፍጥነት፣ በዚያው አቅጣጫ ይቀጥላል። ኒውተን በ1687 እ.ኤ.አ. ካሳተማቸው ሦስት ሕጎች የመጀመሪያው ይህ ነው። ኃይል የሚያስፈልገው አካሄድን ለመቀየር ነው፤ ለመፍጠን፣ ለመቆም፣ ለመታጠፍ።

ስለዚህ ባጃጇን ምን ገፋት ብለህ አትጨነቅ። ሊይዛት የሚገባው ኃይል የት ቀረ? ጥያቄው እሱ ነው።

ያ ኃይል የሚመጣው ከፍሬኑ አይደለም። ይሄን ክፍል ውስጥ ስናገር ሁሌ ሳቅ ይነሳል። ግን እየው። ፍሬኑ የባጃጇ አካል ነው። የፍሬን ሸራው የጎማውን ብረት ይፋተጋል፤ ሁለቱም የአንዲት ባጃጅ ዕቃዎች ናቸው። ጋሪ ላይ ተቀምጠህ የጋሪውን ጠርዝ በሁለት እጅህ ብትገፋ ጋሪው አይሄድም። እንደዚያው የራስዋ ዕቃ የራስዋን ዕቃ ስለያዘ ባጃጅ አትቆምም። ከውጭ የሚይዛት ያስፈልጋል፤ እሱም መንገዱ ነው። የፍሬኑ ሥራ ጎማውን ማዘግየት ነው። ጎማው ሲዘገይ አስፋልቱ ጎማውን ወደ ኋላ ይጎትታል። ባጃጇን የሚያቆማት ይህ ጉተታ ነው። አይሱዙ ጭቃ ውስጥ ሲያዝ አይተህ የለ? ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው ይሽከረከራል፣ መኪናው ግን ንቅንቅ አይልም። ሞተር ኃይል አጥቶ አይደለም፤ መሬቱ ጎማውን የሚይዝበት አጥቶ ነው። ለመቆምም ነገሩ ያው ነው።

ይህን የመሬትና የጎማ መያያዝ ትምህርት ቤት «ሰበቃ» ብለው አስተምረውናል። ሰበቃ ጣሪያ አለው። ጣሪያው በሁለት ነገር ይወሰናል፦ ጎማው መሬቱን ምን ያህል ይጫነዋል፣ መሬቱና ጎማው ምን ዓይነት ናቸው። ደረቅ አስፋልት ላይ ጎማ ከተጫነበት ክብደት 70 በመቶ ያህሉን በሚያክል ኃይል ሊያዝ ይችላል። እርጥብ ሲሆን ወደ 40 በመቶ ይወርዳል። ጭቃ ከሆነ 20 በመቶም ካገኘህ ተመስገን ነው። እነዚህ ቁጥሮች እንደ ጎማውና እንደ መንገዱ ከፍ ዝቅ ይላሉ፤ ለሒሳባችን ግን ይበቃሉ።

አሁን ሁለተኛው ጓደኛህ ያለውን እንይ። ጭነት ጎማውን ይጫነዋል፣ ሰበቃው ያድጋል። ትክክል። ግን ጭነቱ ራሱም መቆም አለበት! ባጃጇ በእጥፍ ከከበደች አስፋልቱ በእጥፍ ይይዛታል፤ የሚያስፈልጋትም ኃይል እጥፍ ነው። ሁለቱ ይጣፋሉ። ስለዚህ ጎማው ከተቆለፈ ባዶም ሆነች ሙሉ የምትቆምበት ርቀት ያው ነው። «ቶሎ መቆም ነበረብህ» ያለው እንግዲህ አልሠራለትም። እንዲያውም ጎማ ላይ ጭነት እጥፍ ሲሆን ሰበቃው ሙሉ እጥፍ አይሞላም፤ ትንሽ ይጎድላል። ዝናቡ ላይ ግን ነጥብ ይዟል።

በቁጥር እንየው። በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ትሄድ ነበር እንበል። ያ በሰከንድ 10 ሜትር ነው፤ ለሒሳብ ይመቻል። ሜዳ ላይ፣ ደረቅ አስፋልት ከሆነ፣ ጎማው ከተያዘበት ቅጽበት ጀምሮ 7 ሜትር ገደማ ሄደህ ትቆማለህ። እርጥብ ከሆነ 13። ጭቃ ከሆነ 25። አሁን ቁልቁለት ጨምርበት፤ በየ10 ሜትሩ አንድ ሜትር የሚወርድ። ደረቁ 8 ተኩል ሆነ። እርጥቡ 17። ጭቃው? 50 ሜትር! መጀመሪያ ሳሰላው እኔም ደግሜ አየሁት። ስበት ወደ ታች ስለሚጎትትህ ሰበቃው መጀመሪያ ያንን መመለስ አለበት፤ አንተን ማቆም የሚችለው በተረፈው ብቻ ነው። ሰበቃው ሀብታም ሲሆን ይህ ወጪ አይሰማም። ድሃ ሲሆን ግማሹን ይወስድበታል። ዝናብና ቁልቁለት ሲገናኙ ጉዳታቸው የሚበዛው ለዚህ ነው። ላሟን አይተህ እግርህ ፍሬን ላይ እስኪደርስ ያለፈውን ጊዜ ደግሞ አልቆጠርኩም። አንድ ሰከንድ ከወሰደብህ 10 ሜትር በነፃ ሄዷል።

የጅማን መንገድ አንተ ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ። ከየቅያሱ የሚወጣ ጎማ ሁሉ ቀዩን ጭቃ አስፋልቱ ላይ ያራግፈዋል። በጣም የሚያንሸራትተው ደግሞ ዶፉ አይደለም። ዝናቡ ሲጀምር፣ አቧራውና የፈሰሰው ዘይት ከውሃው ጋር ገና ሲለወስ ነው። ጎማህስ? ሊሾ ሆኖ ከሆነ ደረቅ ላይ ብዙም አይታወቅህም፤ ደህና ይይዛል። ውሃ ላይ ግን ጥርሱ የሚሠራው ሥራ አለ፤ ውሃውን ወደ ጎን ያስወጣል። ጥርስ ከሌለ ጎማው ውሃው ላይ ነው የሚሄደው። «በጋውን ሙሉ ነድቼበታለሁ፣ ምንም አልሆነም» የሚል ሹፌር እውነቱን ነው። ክረምቱ ነው የሚያዋርደው።

ወደ መጀመሪያው ጓደኛህ እንምጣ። «ከባድ ነገር ይፈጥናል» የሚለው ሐሳብ ዕድሜው ረጅም ነው። አንድ ኪሎ ቡና በፌስታል ቋጥረህ በአንድ እጅ ያዝ፣ በሌላው አንዲት የቡና ፍሬ። ከደረት ከፍታ እኩል ልቀቃቸው። እኩል ነው የሚወድቁት። ስበት ኪሎውን በብዙ እጥፍ ይጎትተዋል፤ ኪሎውም ለመንቀሳቀስ በዚያው ልክ ሰነፍ ነው። አሁንም ይጣፋሉ። ላባ ወደ ኋላ የሚቀረው አየሩ ስለሚይዘው ነው። በ1971 እ.ኤ.አ. የአፖሎ 15 ጠፈርተኛ ዴቪድ ስኮት ጨረቃ ላይ መዶሻና የጭልፊት ላባ አንድ ላይ ለቀቀ። እዚያ አየር የለም። እኩል መሬት ነኩ፤ ማለቴ ጨረቃ ነኩ።

ታዲያ ይህ ጓደኛህ በምን ያሸንፋል? በፍሬኑ።

አንድ የልጅነት ታሪክ ልንገርህ። እኛ ሰፈር የኩሽኔታ ጋሪ እንሠራ ነበር። ጣውላ፣ ከጋራዥ የተለቀመ ኩሽኔታ፣ መሪዋ ገመድ። ፍሬኗ የጫማዬ ሶል ነበር። ብቻዬን ስወርድ እግሬን አስፋልቱ ላይ ጫን አደርግና ትቆማለች። አንድ ቀን ወንድሜን ከኋላ ጫንኩ። እግሬ ያው እግር ነው፤ የምጫንበት ጉልበት አልጨመረም። የሚቆመው ሰው ግን ሁለት ሆነ። አጥር ውስጥ ገባን። ጫማውን ቤት ስደርስ ነው ያየሁት፤ ሶሉ የለም። እናቴ ስለ ሰበቃ የሰጠችኝን ትምህርት እዚህ አልጽፈውም።

ያንተም ፍሬን እንደዚያ እግር ነው። ሸራው በሙሉ ኃይል ሲይዝ የሚሰጠው መጠን አለ፤ ተሳፋሪ ስለተጫነ አያድግም። ባጃጇ ባዶዋን 350 ኪሎ፣ አንተ 70 ብትሆን 420 ነው። ሦስት ሰውና ማዳበሪያው ሲጨመሩ 675 ገደማ ይሆናል። (ባጃጅ የተሠራችው ለሹፌርና ለሦስት ሰው ነው። ማዳበሪያው ትርፍ እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።) ፍሬንህ ቢበዛ 2,100 ኒውተን ማስያዝ ይችላል እንበል፤ 210 ኪሎ የሚመዝን ዕቃ ተሸክሞ የመያዝ ያህል ነው። በዚያችው ቁልቁለት፣ በዚያው ፍጥነት ብቻህን ብትሆን ፍሬኑ በ12 ሜትር ተኩል ሊያቆምህ ይችላል። ጭነህ ከሆነ 24 ሜትር ይፈልጋል።

እዚህ ጋ ነው ነገሩ የሚጥመው። እርጥብ ቁልቁለት ላይ አስፋልቱ 17 ሜትር እንደሚጠይቅ አይተናል። ብቻህን ከሆንክ ፍሬኑ ከአስፋልቱ ይበረታል። ስለዚህ ጎማው ይቆለፋል፣ ትንሸራተታለህ፣ 17 ሜትር ላይ ትቆማለህ። ያኔ ጥፋቱ የዝናቡ ነው። ከጫንክ ግን አስፋልቱ በ17 ሊያቆምህ ዝግጁ ሆኖ ሳለ ፍሬኑ አልደርስ ይላል፤ ጎማው እየዞረ 24 ሜትር ትሄዳለህ። ያኔ ጥፋቱ የጭነቱ ነው። አንዲት ባጃጅ፣ አንድ መንገድ፣ አንድ ቀን። ጠዋት አንዱ ጓደኛህ ልክ ነው፣ ከሰዓት ሌላው።

ጭነት አንድ ሌላ ተንኮልም አለው። ስትወርድ የምታጣው ከፍታ ወደ ሙቀት ይቀየራል፤ ሙቀቱን የሚበላው ሸራው ነው። 675 ኪሎ 100 ሜትር ከፍታ ሲወርድ የሚወጣው ሙቀት ሁለት ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ያንን ሁሉ በፍሬን ብቻ ከያዝከው ሸራው ይግላል፤ የጋለ ሸራ ደግሞ ይላላል። ማርሽ አውጥቶ ቁልቁለት የሚለቅ ሹፌር ቤንዚን የቆጠበ ይመስለዋል። ከባድ ማርሽ ውስጥ ብትሆን ኖሮ ከሙቀቱ ብዙውን ሞተሩ ይወስድልህ ነበር። ከባድ ባጃጅ ስትለቀቅ ትንሽ የምትፈጥነውም ለዚሁ ነው፤ አየሩና ሞተሩ የሚይዟት ያህል ይይዟታል፣ የሚያዘው ነገር ግን በዝቷል። ጓደኛህ በዓይኑ ያየው ነገር ውሸት አልነበረም።

ጎማ ከተቆለፈብህ ደግሞ ፍሬኑን ለቀቅ አድርገህ መልሰህ ያዝ። ከባድ ሳጥን ስትገፋ አስተውለሃል? እስኪነቃነቅ ያስቸግራል፤ ከተነሳ በኋላ ይቀላል። የሚንሸራተት ነገር ከማይንሸራተተው ያነሰ ይያዛል። ጎማም እንዲሁ ነው። የተቆለፈ የፊት ጎማ ደግሞ መሪ አይሰማም። ባጃጇ ወደ ቦዩ ያመራችው በዚህ ሊሆን ይችላል ብዬ እጠረጥራለሁ።

ኩርባው ላይ አጭር ልሁን። ተሳፋሪውን ወደ ውጭ የሚወረውረው ኃይል የለም። እሱ ቀጥ ብሎ እየሄደ ነው፤ የታጠፈችው ባጃጇ ናት። ጎኗ እስኪነካውና አብሮ እስኪያጥፈው ድረስ እሱ በድሮው መንገዱ ላይ ነው። ከውስጥ ሲታይ ግን መወርወር ይመስላል።

የሚያሳስበኝ ሌላው ነው። የጅማን በርጩማ ታውቃለህ፤ ባለ ሦስት እግሩን። መሬቱ ምንም ቢጎረብጥ አይወላገድም። አራት እግር ያለው ወንበር አንዱ እግሩ አየር ላይ ሊቀር ይችላል፤ ሦስቱ ግን ሁሌም መሬት ያገኛሉ። ችግሩ በሁለት እግሮች መሀል ዘንበል ስትል ነው። እዚያ አቅጣጫ የሚደግፍህ የለም፤ ትወድቃለህ። ባጃጅ በርጩማ ናት፤ አንድ እግር ከፊት፣ ሁለት ከኋላ። ኩርባ ላይ ፍሬን ስትይዝ ክብደቷ ወደ ፊትና ወደ ውጭ አንድ ላይ ያዘነብላል። ልክ እግር ወደሌለበት ወገን። ጭነቱ ከፍ ካለ ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ፍሬኑን ከኩርባው በፊት ጨርስ።

ፍጥነቱም ቀልድ አያውቅም። ራዲየሱ 8 ሜትር የሆነ ጠባብ ኩርባ ውስጥ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ስትገባ የሚያስፈልገው ሰበቃ እርጥብ አስፋልት ያለው በሙሉ ነው። አንዲት ሳንቲም አይተርፍም። በ30 ብትገባ ደረቁም አይበቃም። ፍጥነቱ የጨመረው በግማሽ ነው፤ የሚያስፈልገው ኃይል ግን ከእጥፍ በላይ ሆኗል።

ይህን ሁሉ በዓይንህ ማየት ከፈለግክ ግማሽ ውሃ ያለበት ሃይላንድ አስተኝተህ ፊት ለፊትህ እሰረው። ሜዳ ላይ በእኩል ፍጥነት ስትሄድ፣ ሞተሩ እየሠራም ቢሆን፣ ውሃው ከመንገዱ ጋር ትይዩ ይተኛል። ኃይሎቹ ተጣፍተዋል ማለት ነው። ፍሬን ስትይዝ ወደ ፊት ይከመራል። በደረቅ አስፋልት በኃይል ከያዝክ 35 ዲግሪ ያህል ሊያዘነብል ይችላል፤ እርጥብ ላይ ከ22 አያልፍም። ተሳፋሪዎችህ ይስቁብህ ይሆናል። ይሳቁ።

ክትፎው ይቀረናል። ሰው የማይበዛበት ደረቅና ሜዳ ቦታ ፈልግ። ሰው አትጫን፤ 50 ኪሎ የሚመዝኑ አምስት ማዳበሪያ አሸዋ ወለሉ ላይ ደልድል። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ብቻ ና፤ ምልክት ያደረግክበት ድንጋይ ጋ ስትደርስ ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ርገጥ። ከድንጋዩ እስከ ቆምክበት በሜትር ለካ፤ ሦስት ጊዜ ደጋግመህ መካከለኛውን ውሰድ። ከ4 ሜትር በላይ ከሆነ ፍሬንህ እርጥብ አስፋልት የሚሰጠውን እንኳ መጠቀም አልቻለም፤ ያን ቀን ጎማው እየዞረ ነበር ማለት ነው፣ የሚጋብዘው ሁለተኛው ጓደኛህ ነው። ከ4 ሜትር በታች ከሆነ ግን ፍሬኑ ይበቃ ነበር፤ ዝናቡ ነው ያታለለህ፣ የመጀመሪያው ኪሱን ይፈትሽ። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ። ያን ቀን ሸራው በቁልቁለቱ ግሎ ነበር፤ ዛሬ ቀዝቃዛ ነው። 4 ሜትሩን ለጥቂት ብቻ ካለፍክበት ወይም ካነስክበት ሒሳቡን ሁለቱ ተካፍለው ይክፈሉ፤ አንተም ከመሄድህ በፊት ሸራውን አስፈትሽ።